ማር በፀሐይ እንድንቆርጥ ላዘዙን ለበረሃው ፓርክ ኃላፊ

ለክቡር አቶ በዛብህ አስፋው
የበረሃው ፓርክ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቦንጋ

ረቡዕ፣ ግንቦት 17 ቀን 2003 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኔ ከጉልበቴ መድከም በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም፤ ቢሮዎ ወደ ፎቁ ከተዛወረ ወዲህ በተደጋጋሚ ደረጃውን ወጥቼ፣ በተደጋጋሚም «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ወርጃለሁ። በመጨረሻው ቀን ስወርድ ግን በግድግዳው ላይ «ግልጽነት መርሐችን ነው» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት መርሕዎን በማክበር ነውና ቅር እንደማይሰኙብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

አራተኛ ክፍል ሳስተምርዎ «አንተ» እልዎ ነበር። ዛሬ «እርስዎ» የምልዎ የተቀመጡበት ወንበር ማዕረግ ስላለው፣ እኔም ለወንበር እንዴት እንደሚጻፍ በልጅነቴ በአርጩሜ ስለተማርኩ ነው።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ነገሩ ከየት እንደ ተነሣ ያውቁ ዘንድ ጥቂት ላስረዳ። ከቦንጋ ወደ ደቡብ ሲወረድ፣ ደኑ አልቆ ግራሩና አሸዋው የሚጀምርበት በረሃ አለ። ከብት በገንዲ በሽታ ስለሚያልቅበት የሚሰፍርበት የለም፤ ነገር ግን የእኛ አገር ሰዎች ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ ቀፎ የሚሰቅሉባቸው ዛፎች እዚያ አሏቸው። ዛፉ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ የሌላውን ዛፍ የሚነካ የለም። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ በእግራቸው ይወርዳሉ፣ ከዛፋቸው ሥር ያድራሉ፣ ማራቸውን ቆርጠው ተሸክመው ይመለሳሉ። የሚቆርጡትም ሌሊት ነው። ንብ ሌሊት በጭስ እንደምትታገሥ፣ በቀን ፀሐይ የነካት ግን እንደማትምር ካፋ ውስጥ ተወልዶ የማያውቅ የለም።

ባለፈው ጥቅምት ይህ በረሃ ፓርክ ሊሆን ነው ተባለና እርስዎ «ባለድርሻ አካላትን» ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጠሩ። ከጎረቤት ወረዳዎች፣ ከደካና ከቢታ ገነት፣ የመጡ እንግዶች ከፊት ተቀመጡ፤ ባለድርሻዎቹ ባለቀፎዎች ከኋላ ቆሙ። ከእነርሱ መካከል አቶ ሣህሌ እጃቸውን አውጥተው «ማደሩስ እንዴት ሊሆን ነው? ማደር ከቀረ ማር የለም» ብለው ጠየቁ። እርስዎም ማደራቸው እንደ ድሮው እንደሚቀጥል፣ መንገዱም ከዛፎቻቸው ወዲህ እስካለው ደረቅ ወንዝ ድረስ እንደሚሠራላቸው መለሱላቸው። ከኋላ አንዱ በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ «ወንበር ላይ የወጣ ሰው አፉ ሁልጊዜ ማር ነው፤ ቀፎውን ያየለት ግን የለም» ብሎ አዳራሹን በሳቅ ሞላው። እርስዎ አልሣቁም። ጣትዎን ወደ እኔ ዘርግተው «እኔን ካላመናችሁ እትዬ አሰለፈችን ጠይቁ፤ እሳቸው ያውቁኛል» አሉ።

እኔም ተነሣሁ። አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር በአማርኛም በካፊኖኖም «ይህን ልጅ አስተምሬዋለሁ፤ ዋሱ እኔ ነኝ» አልኩ። ያን ጊዜ ባለቀፎዎቹ እሺ አሉ። እሺ ያሉት ለእርስዎ እንዳልነበረ እርስዎም ያውቃሉ።

ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ማቅረብ ተገቢ ይመስለኛል።

አንደኛ፤ ስለ መንገዱ አመሰግናለሁ። ከየቤቱ አንድ ሰው ዶማና አካፋ ይዞ እንዲወጣ በሰጡት መመሪያ መሠረት ሕዝቡ ኅዳርና ታኅሣሥን ቁልቁለቱን ሲቆፍርና ቋጥኝ ሲፈነቅል ከረመ። እኔ መቆፈር ስለማልችል ንፍሮ ቀቅዬ ልኬአለሁ። ከዚያ በኋላ ግሬደሩ መጣ። እንግዶች ድንኳን እስከሚተክሉበት ሜዳ ድረስ መንገዱን እንደ ገበታ አስተካከለና፣ ከሜዳው አንድ ክንድ ሳያልፍ ዞሮ ወደ መጣበት ተመለሰ። ወደ ደረቁ ወንዝ የሚወስደው ቀሪው መንገድ እንደ ተፈነቀለ ቀርቷል፤ በመግቢያውም «ከዚህ በኋላ መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ ከፎርዊል መኪና በቀር ማለፍ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። ሰሌዳው እጅግ ያማረ ነው፤ ፊደሉም የተስተካከለ ነው። እኔ ሳስተምር አንድ ተማሪ የቤት ሥራውን ሳይሠራ መጥቶ «አልሠራሁም» የሚለውን በቁም ጽሕፈት አሳምሮ ቢያሳየኝ ዜሮ እሰጠው ነበር። እናንተ ዘንድ እንዲህ ያለው ሥራ በግምገማ ላይ እንደሚመሰገን ስለ ሰማሁ፣ በድሮ ተማሪዎቼ ላይ ሳልጨክን አልቀረሁም።

ሁለተኛ፤ ስለ ማደሪያ ፈቃዱ አመሰግናለሁ። ፋሲካ እንዳለፈ አቶ ሣህሌ ወደ ቢሮዎ መጡ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። ትሕትና የምትባለው እንግዳ ተቀባይ ወንበር ስባ አስቀመጠችንና የካምፒንግ ፈቃድ የሚሰጠው ፎርዊል መኪና፣ የታወቀ መሪና ድንኳን ላለው ሰው መሆኑን፣ ሌላው ግን ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ከፓርኩ በር መውጣት እንዳለበት አስረዳችን። አቶ ሣህሌም «ልጄ፣ የምሄደው እኮ ወደ አባቴ ዛፍ ነው፤ መሪው ምን ሊያሳየኝ ነው?» አሏት። «አባባ፣ መመሪያ ነው» አለች። «መመሪያው እኔን አያውቀኝም?» ቢሏት ልጅቷ ሣቋን በእጇ ሸፈነች፤ ወደ ውስጥ ገብታም እርስዎን ጠይቃ ወጣችና መኪናውና መሪው በልዩ አስተያየት ሊታለፉ እንደሚችሉ፣ ድንኳኑ ግን ለራሳቸው ደኅንነት ሲባል የማይቀር መሆኑን ነገረችን። ለዚህ ርኅራኄ አመስግነን ወጣን።

በቦንጋ ተራ ሰው በጋራ ያለው ድንኳን አንድ ዓይነት ነው፤ እርሱም የእድር ድንኳን ነው። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ስለሆንኩ ከመጋዘን አስወጣሁላቸው። በአይሱዙ ተጭኖ በገበያው መካከል ሲያልፍ ያዩት ሴቶች ዕቃቸውን ለጎረቤት አደራ እየሰጡ፣ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ «ማን ነው? ማን ነው?» እያሉ ከኋላ ተከተሉ። ድንኳኑ በእርስዎ ቢሮ በር ላይ ሲወርድ ጊዜ ነገሩ ግልጽ ሆነላቸው። ጎረቤቴ ፀዳለ ደረቷን እየደቃች «ምነው በዛብህ! ገና ሳትጠግበው!» ብላ ለቅሶውን ስትጀምር ሌሎቹ ተቀበሏት። እርስዎ በሰገነቱ ብቅ ባይሉ ኖሮ ንፍሮም ይመጣ ነበር። ብቅ ሲሉ ፀዳለ ቀና ብላ አየችዎትና እንባዋን ጠርጋ «ታዲያ አለ አይደል እንዴ! እኛን ምን አስሮጠን?» ብላ ተቆጥታ ሄደች። ከሰው መካከል በቁም የተለቀሰለት ሹም ጥቂት ነውና ይህን እንደ ክብር ይያዙት።

ባለሙያዎ ግን ድንኳኑን ዞሮ ዞሮ ተመለከተና ወለልና ዚፕ እንደሌለው፣ ስፋቱም ከተፈቀደው በላይ እንደሆነ፣ ስለዚህ የለቅሶ እንጂ የካምፒንግ ድንኳን አለመሆኑን ወሰነ። እውነቱን ነው። እኛ ሰው የምንሰበስብበት ድንኳን እንጂ ከሰው የምንሸሽበት ድንኳን ሰፍተን አናውቅም።

ሦስተኛ፤ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ባለቀፎዎቹ ድንኳኑን መልሰው ሲጭኑ ከሰገነቱ ላይ ሆነው «ታዲያ በቀን አትቆርጡትም? በቀን ገብታችሁ፣ በቀን ቆርጣችሁ፣ በሩ ሳይዘጋ ውጡ» አሉ። አቶ ሣህሌ መጀመሪያ ወደ እርስዎ፣ ከዚያ ወደ እኔ ተመለከቱ።

ምክርዎን የተቀበለው በእምነት የሚባለው ልጃቸው ነው። ባለፈው ጥር ያገባ ወጣት ነው፤ ጎጆውን የሚያቋቁመው በዚህ ዓመት ማር ነበር። አባቱ ቢለምኑት «ሌሊቱ ከተከለከለ ቀኑን ልሞክረው እንጂ ማሩን ለጦጣ ልተወው?» ብሎ ወረደ። ንቦቹ በቀትር እንደሚሆኑት ሆኑ። ፊቱን ሲከላከል እጁ ቅርንጫፉን ለቀቀና ከዛፉ ወደቀ፤ ጭኑ ተሰበረ። ጓደኞቹ ቃሬዛ ሠርተው፣ ያንኑ ራሳቸው የቆፈሩትንና ግሬደሩ የናቀውን መንገድ ሽቅብ ተሸክመውት ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር። ዘበኛው ደንብ አክባሪ ነውና ሰዓት በማሳለፋቸው መጀመሪያ ስማቸውን መዘገበ። የጽሕፈት ቤታችሁ መኪና እዚያው ቆማ ነበር፤ ሾፌሩ ግን «ያለ መውጫ ትእዛዝ ጎማዋ አይዞርም» አለ። በመጨረሻ በሜዳው ላይ የሰፈሩት ፈረንጆች ጩኸቱን ሰምተው መጡ፤ ዕቃቸውን ከመኪናቸው አውርደው ሣር ላይ ጥለው ወደ ሐኪም ቤት አደረሱት። እነርሱ የሚያድሩበት ፈቃድ ነበራቸው፤ እኛ በእነርሱ ምሕረት ወጣን። ሐኪሞቹ ልጁ እንደሚራመድ፣ ዛፍ መውጣት ግን እንደማይሆንለት ተናግረዋል።

ከዚህ በታች ላለው ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ከላይ እንዳሉት ምስጋና አይደለምና።

ክቡር ሆይ፣ አንድ ሹም ከሌላ አገር መጥቶ «ማር በቀን ቁረጡ» ቢል አልቀየምም ነበር፤ አስቀምጬ አስረዳዋለሁ። እርስዎ ግን ልጅ ሳሉ፣ በማር ወራት ጠዋት ጠዋት ልብስዎ ጭስ ጭስ እየሸተተ ክፍል ይገቡና ዴስክ ላይ ተደፍተው ይተኙ ነበር። በእኔ ክፍል ተኝቶ በትሬን ያልቀመሰ ልጅ አልነበረም። እርስዎን ብቻ ግን አልነካሁም። ሌሎቹን «ዝም በሉ፣ ይተኛ፤ ሌሊቱን ከአባቱ ጋር ማንኪራ ጫካ ዛፍ ሥር ነው ያደረው» እላቸው ነበር። እንግዲህ ያን ቀን ከሰገነቱ ላይ የተናገሩት የማያውቁትን አልነበረም። ያላወቀን ማስተማር ሙያዬ ነበር፤ እያወቀ እንዲህ የሚያዘውን ምን እንደማደርገው ግን አልተማርኩም። ዋስ ስሆንልዎ የማውቅዎ መስሎኝ ነበር።

በአገራችን ልማድ ሰው ቃሉን ሲያጥፍ የሚያዘው ዋሱ ነው። ስለዚህ ባለፈው እሑድ አቶ ሣህሌ ቤት ሄጄ «ዋሳችሁ መጥቻለሁ፤ ያዙኝ» አልኳቸው። እሳቸውም «እትዬ፣ እርስዎን ይዤ ምን ልሆን? ዛፍ አይወጡልኝ!» አሉና ሁላችንም ሣቅን። ከዚያ ሣቁ አለቀ። በእምነት ከመደቡ ላይ ሆኖ ወደ ግድግዳው ዞረ። ስወጣ እስከ በር የሸኘኝ አልነበረም። በዚህ ከተማ ከአርባ ዓመት በላይ ስኖር ከሰው ቤት ሳልሸኝ የወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰኔ ሲገባ ደረቁ ወንዝ ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ እስከ መስከረም የሚሻገረው የለም። ያልተቆረጠው ማር፣ የበእምነትም የባልንጀሮቹም፣ ከወንዙ ማዶ ነው። ስለዚህ ውሳኔዬን በትሕትና አሳውቅዎታለሁ። የፊታችን ዓርብ ከባለቀፎዎቹ ጋር ወደ በረሃው እወርዳለሁ። እስከ ሜዳው ድረስ በአይሱዙ፣ ከሜዳው ወዲያ ሰሌዳዎ በከለከለው መንገድ በእግሬና በሰው ትከሻ እሄዳለሁ። በበሩ የምንገባው በቀን፣ በሕጉ መሠረት ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን አንወጣም። እኔ በአቶ ሣህሌ ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ፤ እነርሱ ማራቸውን እንደ አባቶቻቸው ይቆርጣሉ። ድንኳን አልያዝኩም። ዘበኛዎ ጥፋተኛ መመዝገብ ሲጀምር የመጀመሪያው ስም የእኔ እንዲሆን፣ የማንንም ስም ከእኔ በላይ እንዳይጽፍ ትእዛዝ ይስጡልኝ። ይህም መውጫ ትእዛዝ የሚያስፈልገው ነገር እንደማይሆን እገምታለሁ።

ወይም ደግሞ እስከዚያ ድረስ በጥቅምት የተናገሩትን ይፈጽሙና በሩን ያስከፍቱ። ያን ጊዜ የማቀርበው ምስጋና አንደኛ፣ ሁለተኛ የሚባል አይሆንም፤ አንድ ቃል ይሆናል፣ እርሱም እውነተኛ ይሆናል።

ለወንበርዎ ዕድሜን፣ ለሰሌዳዎ የማይለቅ ቀለምን፣ ለሰገነትዎ ጽኑ መደገፊያን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የቀድሞ መምህርትዎ፣
እስከ ዓርብ ድረስም ዋስዎ፣
አሰለፈች ገሠሠ

ግልባጭ፦
ለበሩ ዘበኛ
ለእናትዎ ለወይዘሮ ዘርትሁን

ማስታወሻ፦ እናትዎ ማንበብ ስለማይችሉ፣ ነገ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄጄ ይህን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች፣ አንድ መስመር ሳልዘል አነብላቸዋለሁ። የሚሰጡኝ መልስ ካለ እዚያው ይምጡ። ቢመሽብዎ አይስጉ፤ ልጅ በእናቱ ቤት ለማደር እስካሁን ፈቃድ አልተጠየቀም።