የዳማ ትልቅ ጎማ

ውድ አባቴ፣

በወጉ ቢሆን ደኅንነቴን ነግሬዎት ነበር መጀመር የነበረብኝ። እርስዎ ግን ከመንገድ ስመለስ ቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ መኪናዋ ነበር። «ዳማ እንዴት ዋለች?» ይሉና ኮፈኗን እንደ ታማሚ ግንባር ዳሰስ ያደርጋሉ፤ «አንችስ?» የሚሉኝ ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በእርሷ ልጀምር። ዳማ ደኅና ናት። ቀለሟ ያው የዳማ ፈረስ ቀለም ነው፤ የግራ በሯ ዛሬም በእርግጫ ካልሆነ አይዘጋም። የተለወጠው ጎማዋ ብቻ ነው። ትልቅ ጎማ አስገባሁላት። ማርሿን አልነካሁም።

ይቆጡ እንግዲህ። መነኩሴ አይቆጣም የሚሉ ሰዎች እርስዎን አያውቁም።

«አባቴ» ብዬ መጻፌም ልክ እንዳልሆነ ሰዎች ነግረውኛል። የሙት ጸሎት ተደርሶልዎት፣ ቆብ ጭነው፣ ስምዎ አባ ዘመንፈስቅዱስ ሆኗል። ሾፌሩ ፈንታ ከዚህ ዓለም ተሰናብቷል ማለት ነው። እኔ ግን በሕይወት ያለ ሰው መቅበር አልቻልሁበትም። አልዋሽዎትም፣ አልሞከርሁምም።

ያን ቀን ያስታውሱታል? የእናቴ የየብርጓል ሙት ዓመት እንደ ወጣ የዳማን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጠው «ከእንግዲህ አንች ንጃት፤ መጀመሪያ ግን እኔን ገዳም አድርሽኝ» አሉኝ። ከደብረ ማርቆስ ቁይ፣ ከቁይ ወዲያ ደግሞ መንገድ ይሁን የውሃ መውረጃ ባልለየው ወደ ቆላው አፋፍ ስንሄድ አንድም ቃል አልተናገሩም። ዐይንዎን ጨፍነው ነበር። ሌላ ሰው ቢያይዎት ተኝተዋል ይላል። እኔ ግን እያዳመጡ እንደነበር አውቃለሁ፤ መንዳት ያስተማሩኝም እንዲሁ ከጎኔ ተቀምጠው፣ ዐይንዎን ጨፍነው ነው። «ማርሽ በጆሮ ነው የሚቀየር። ዐይንሽን ለመንገዱ፣ ጆሮሽን ለሞተሩ ስጭ» ይሉኝ ነበር። አጋዥ ማርሽ የምታስገባዋ ትንሿ ዱላ እንደሆነች እናቴ በሕይወት ሳለች ጀምሮ ሥራ አቁማለች፤ ዳገት የምንወጣው በጆሮና በጸሎት ነበር።

የገዳሙ ወሰን ድንጋይ ጋ ስንደርስ፣ ሴት ከዚያ አታልፍምና ቆምሁ። እርስዎ ወረዱ። ጋቢዎን አስተካክለው የመጣንበትን ዳገት ቀና ብለው አዩት። ከታች ምንጩ፣ ከምንጩ በላይ ዋርካው ይታይ ነበር።

«እቴናት፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ሞተ ቁጠሪኝ። በር ላይ አታስጠሪኝ፤ አልወጣም» አሉኝ።

«እሽ» አልሁ።

ትንሽ እንደ ሄዱ ተመለሱ። በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«ስትመለሽ እስከ ዋርካው በሁለተኛ ትወጫለሽ። ዋርካው ጋ ወደ አንደኛ ቀንሽ። ገደሉ ድምፅ ያመጣል፤ ከዚህ ሁኜ እሰማዋለሁ። በደኅና መውጣትሽን በዚያ አውቃለሁ።»

ለሞተ ሰው ይህ ሁሉ ማሳሰቢያ አልበዛም ነበር? አልተናገርሁም እንጂ ያን ጊዜም አስቤዋለሁ። እያለቀስሁ ወጣሁ፤ ዋርካው ጋ ማርሽ ቀነስሁ።

ከዚያ ወዲህ ተሳላሚ ይዤ፣ ለገዳሙ የተሰጠ እህል ጭኜ በመጣሁ ቁጥር ዋርካው ጋ ቀንሻለሁ። ሞተሯ ለአፍታ ትንፋሿን ትውጥና እንደገና ከፍ አድርጋ ትጀምራለች። ገደሉ ያንን ድምፅ ተቀብሎ ወደ እርስዎ ይወስደዋል። ያ ነበር የእኔና የእርስዎ ወሬ። አንድ ቀን «ደኅና ነኝ» ለማለት ቀነስሁ። ሌላ ቀን «የእማማን መቃብር ዙሪያውን አጥር አሠራሁለት» ለማለት። አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲያው በናፍቆት ብቻ። ሁሉም ድምፁ አንድ ነው፤ እርስዎ ግን እየለዩ የሚሰሙት ይመስለኝ ነበር። ከእርስዎ በኩል ምንም አይመጣም። እንዲመጣም አልጠበቅሁም፤ ትንሽ ጠብቄ እንደሆነ እንጃ።

ክረምት ገባ። ሌላ ሌላውን የመንገድ መዘጋት ለእግዚአብሔር ልተወውና፣ ከቁይ ወዲያ ያለው መረሬ ጭቃ ዳማን እስከ ሆዷ ዋጣት። የአካባቢው ሰዎች በበሬ ስበው አወጡን። ክረምቱን ሙሉ አልመጣሁም። ማርቆስ ቤታችን ውስጥ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡን እየሰማሁ፣ እርስዎም በዚያ በኩል ያንኑ ዝናብ እየሰሙ፣ በመካከሉ የዳማን ድምፅ ሲፈልጉ ይታዩኝ ነበር። ሽማግሌ ሰው ነዎት። ልጄ ምን ሆነች እያሉ በዚያ ብርድ ቢቀመጡስ? ነሐሴ ሲያልቅ አላስችል አለኝና ጌቱ ጎሚስታ ዘንድ ሄድሁ።

ጌቱን ያውቁታል፤ ጨዋታ የማያልቅበት ሰው ነው። ጎማዎቹን ግድግዳው ላይ ተራ በተራ አስደግፎ አሳየኝ።

«ይኸኛው የድሮው ቁጥሯ ነው። ይኸኛው አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ያ ጥግ ላይ ያለው...» አለና ሳቀ። «እሱን ካስገባሽ መሪ ባዞርሽ ቁጥር ፓራፋንጎውን ይፍቀዋል። ውስጧም መነካት አለበት፤ ማርሹ ሁሉ ለእሱ ልክ ይቀየራል። ይህን የሚሠራልሽ አዲስ አበባ ነው።»

«አንድ ደረጃ ከፍ የሚለውንስ? ማርሹን ሳንነካው?»

«ይገባል። ሆዷን ከጭቃው ያነሣልሻል። ሜዳ ላይም ትወጅዋለሽ። ዳገት ላይ ግን ትደክማለች፤ ፍሪሲዮኗንም ታሳዝኛታለሽ። አባትሽ ቢኖሩ እሽ አይሉሽም ነበር።»

«አባቴ ገዳም ናቸው።»

«እሱማ ገዳም ናቸው» አለና ጎማውን እያንከባለለ አመጣው።

«ቀንበሩ ሳይለወጥ ሞፈር አይረዝምም» ሲሉ ሰምቼዎት አውቃለሁ። ያን ጊዜም ትዝ ብሎኛል። ነገር ግን ከእርስዎ የከለከለኝ ጭቃው እንጂ ዳገቱ አልነበረም። ያንን ጥግ ያለውን ግዙፍ ጎማ ባለመምረጤ ቢያንስ ግማሽ ምርቃት ይገባኛል።

መስከረም ሲጠባ መጣሁ። ያን የጠዋት መንገድ ብቻውን ቢያዩት ደስ ባለኝ። ዳማ ከፍ ብላለች፤ አጥሩን አሻግሬ ጤፉን አያለሁ። ከጮቄ በኩል የወረደው ጉም ማሳው ላይ ተኝቶ ስለነበር መንገዱ የሚታየኝ ቁራጭ ቁራጩን ነው፤ ዛፎቹም ሥር የሌላቸው ይመስሉ ነበር። ሞተሯ በሜዳው ላይ እንደዚያ ዝም ብላ ሄዳ አታውቅም። ጌቱ እንደ ነገረኝ፣ ጎማው ሲተልቅ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ቆጣሪው ግን መለወጡን ስለማያውቅ በድሮው ልክ ይቆጥራል። ስለዚህ በዳማ ቆጠራ ቁይ ወደ ማርቆስ ተጠግታለች። የእርስዎም ገዳም ክረምቱን ሳንተያይ ሲቀርበኝ ከርሟል ማለት ነው። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ ሾፌር ነኝ። ግን መሪውን ይዤ በዚያ ጉም ውስጥ ስሄድ አመንሁት። እማማ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ዝም ብላ ማሳውን የምታይ፣ እርስዎም ከጎኔ ዐይንዎን የጨፈኑ መሰለኝና ዘወር ብዬ ላለማየት ታገልሁ። የዋጠን ጭቃ ጋ ስንደርስ ዳማ በላዩ ላይ ተንሳፍፋ አለፈች። እልል አልሁ፤ ብቻዬን።

እህሉን ወሰን ድንጋዩ ጋ መጋቢ አምደሚካኤል ተቀበሉኝ። ስለ እርስዎ አልጠየቅሁም። የሚመለሱ ተሳላሚዎችን አሳፍሬ ዳገቱን ጀመርሁ። እማሆይ አመተ ሥላሴ ከጎኔ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ነበር።

ምንጩ ጋ ስደርስ ሞተሯ ማጉረምረም ጀመረች። ጆሮዬ ቀንሽ አለኝ፤ ልቤ ገና ነው አለ። መሪው በእጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ ወደ አንደኛ ቀነስሁ። ከዚያ በኋላ ነው የገባኝ። በአንደኛ ነኝ። ከአንደኛ በታች ማርሽ የለም። ዋርካው ጋ ስደርስ የምቀንሰው ነገር የለኝም። እርስዎ ወዲያ ማዶ ቆመው ያንን ድምፅ ሲጠብቁ፣ ዳማ ዋርካውን ዝም ብላ ልታልፈው ነው። ምን ይላሉ? መኪናዋን ሸጠቻት ይላሉ? ሌላ ሰው እየነዳት ነው፣ እቴናት የለችም ይላሉ? ክረምቱን ሙሉ ጠብቀውኝ፣ መጥቼም አልመጣሁም። ወደ እርስዎ ያደረሰኝ ጎማ የነበረንን አንድ ቃል ወሰደብኝ።

እናም የማይሆን ነገር አደረግሁ። ዋርካው ሥር፣ ወዲያው መልሼ ልቀንሰው፣ ወደ ሁለተኛ ጨመርሁ። ዳማ አልቻለችም። አንዴ አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ ጠፋች፤ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። በእግር ፍሬኑም በእጅ ፍሬኑም ያዝኋት። ከኋላ «በስመ ሥላሴ!» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ ሰው ሁሉ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ጣለ። እማሆይ ብቻ አልወረዱም።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሁነሽ ነው?» አሉኝ።

«አባቴን እየጠራሁ ነው» አልኋቸው። ሌላ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ ግን ያ ወጣ።

ፊቴን አይተው መቁጠሪያቸውን ወደ መቁጠር ተመለሱ። «ይሰማሻል» አሉኝ። እግዚአብሔርን ያልሁ መስሏቸው ይሆናል።

ማርቆስ እንደ ገባሁ በማግስቱ ጌቱ ዘንድ ሄጄ አሮጌዎቹን ጎማዎች መልስልኝ አልሁት። «የጋሪ ሆነዋል እኮ» አለኝ። «ምነው፣ ጭቃው ያዘሽ?» አልያዘኝም አልሁት። ታዲያ ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ይህን ለጎሚስታ እንዴት ያስረዱታል? ዳማ ለአውራ ጎዳናው ደኅና ናት አልሁና ተመለስሁ። መስቀልን እንዴት እንደ ዋልሁ አላስታውሰውም። ደመራው ሲለኮስ ሰው ሁሉ ሲጨፍር፣ እኔ ዋርካውን ነበር የማየው።

ባለፈው ሳምንት እንደገና መጣሁ። መጋቢ አምደሚካኤል ጆንያውን ሲያስወርዱ ዐይኔን አላዩኝም። ጆንያውን እያዩ፣ በዝግታ፣ እንዲህ አሉኝ።

«አንድ አባት ናቸው። ስማቸውን አትጠይቂኝ። ለሾፌሯ ንገሩልኝ ብለዋል።»

«ምን አሉ?»

«እኔ መኪና አላውቅም፤ እንዳሉት ነው እምልሽ። ‹ጎማውን ከፍ አድርገሻል፣ ማርሹን አልነካሽም። ከእንግዲህ ዋርካውን አትጠብቂ፤ እሷንም ሰውንም ትጎጃለሽ። ምንጩ ጋ ቀንሽ። እዚያም ይሰማል› ብለዋል።»

ወሰን ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። ሴት እዚያ ላይ መቀመጥ ይፈቀድላት እንደሆነ አላውቅም፤ መጋቢውም ተነሽ አላሉኝም።

ሰምተውኝ ነበር። መጀመሪያ ምንጩ ጋ መቀነሴን ሰምተዋል፤ ከዚያ ዋርካው ሥር ጠፍታ መንሸራተቷን፣ ጩኸቱን፣ እንደገና መነሣቷን ሰምተዋል። ከዚያ ሁሉ ድምፅ ጎማውን አወቁት። ምን እንደ ፈለግሁ፣ ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁም አወቁት። አባቴ፣ ዓለምን ሁሉ ንቀው ገብተዋል፤ ጆሮዎ ግን ገና አልመነኮሰም። በዚህ ንስሐ የሚያስገባዎት ካለ ይንገሩኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ እመሰክራለሁ። እጅግ ደስ ብሎኛል። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስመለስ ምንጩ ጋ ቀነስሁ። ዳማ ትንፋሿን ዋጠች፤ ከዚያ ከፍ አድርጋ ጀመረች። ዋርካውን በዚያው ድምፅ፣ ሳትደናገጥ፣ ቀስ ብላ አለፈችው። እማሆይ በዚያ ቀን አብረውኝ ባለመኖራቸው ተቆጨሁ።

ይህን ደብዳቤ ለመጋቢው እሰጣቸዋለሁ። አልቀበልም ካሉ እርስዎ የመስታወት መጥረጊያ ያስቀምጡበት በነበረው የዳማ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ወደ እርስዎ በመጣሁ ቁጥርም አብሮኝ ይመጣል። መልስ አልጠብቅም። በር ላይ አላስጠራዎትም። እንደ ሞተ ቁጠሪኝ ያሉትን ብቻ አልችልበትም፤ ሰው ስሜን በጠራ ቁጥር ስምዎ ተከትሎኝ ይመጣል።

የኅዳር ሚካኤል ተሳላሚዎችን ይዤ እመጣለሁ። ስንመለስ ምንጩ ጋ ያዳምጡኝ።

ልጅዎ
እቴናት ፈንታ