«ጥርት ብሎ ይሰማል»

ሰኞ

ሁሉም «ይሰማል» አሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንድ እንኳ «አይሰማም» የሚል ይጥፋ? ነገሩ ከነከነኝ።

ትናንት በፕሮግራማችን ጋሽ ወልዱ «አዲሱ ኤፍኤም ደረሳችሁ ወይ?» ብለው አድማጮችን ጠየቁ። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። «ጥርት ብሎ ይሰማል!» «እንደ ደወል ነው!» «እግዚአብሔር ያክብርልን!» ምርቃቱን አልችለውም። ማታ ስደተኞች የምንኖርበት ትልቁ ሕንፃ፣ ሰላም ፓላስ፣ ክፍሌ ገብቼ የራሴን ሬዲዮ ብከፍት ግን ሽሽሽ... ወፍ የለም።

ጣቢያው የኤንዞ ነው። ኤንዞ ጡረታ የወጣ ጣሊያናዊ ነው፤ ትንሽ የኤኤም ጣቢያ አለው። እሁድ ከሰዓት ለእኛ ለሐበሾች አንድ ሰዓት ሰጥቶናል። ጋሽ ወልዱ በአማርኛ ያወራሉ፤ የታመመ፣ የወለደ፣ የሞተ ይነገራል። አሁን ኤንዞ ኮረብታው ላይ ሪፔቲቶሬ ተከለ፤ የኤኤሙን ስርጭት ተቀብሎ በኤፍኤም መልሶ የሚያሰራጭ ማሽን ነው። ኤፍኤሙ ለሁሉም ከደረሰ፣ ድምፁን በኢንተርኔት ወደ ኮረብታው እየላከ አሮጌውን ኤኤም በመጪው እሁድ ሊዘጋው ነው።

ሁሉም ይሰማል ካሉ ደግሞ መዝጋቱ ነው።

ማክሰኞ

ከሥራ ስወጣ ትንሿን ሬዲዮ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ተመለስኩ። የምሠራበት ሆቴል ያለበት ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ላይ ምንም የለም። ሰፈራችን አናኚና ከሜትሮ ስወጣ ጥርት! ሕንፃችን ፊት ለፊት ጥርት! ዞሬ ጀርባው ጋ ስደርስ ሽሽሽ። ትንሽ ወደ ግራ ስል ዘፈን፣ ወደ ቀኝ ስል ሽሽሽ። ወደፊት ወደኋላ ስመላለስ ጎረቤቴ በመስኮት አይታኝ «ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ።

«ኤፍኤም!»

ኤንዞ ጋ ደወልኩ። «ኣሎራ፣ እንግዲህ» ብሎ ጀመረ፤ ማስረዳት ይወዳል። ኤፍኤም እንደ መብራት ነው አለኝ፤ ግድግዳ ከጋረደው ይቀራል። ኤኤም ግን መሬት ለመሬት ተስቦ፣ ዙሪያውን ዞሮም ቢሆን ይመጣል። ደስ የሚል ነገር ነው። አሮጌው ነው ለካ እየዞረ የሚፈልገን።

ታዲያ ከሕንፃው ጀርባ የሚኖሩት በምን ሰሙ?

ረቡዕ

እማማ ለተብርሃን ጋ ወጣሁ። ክፍላቸው እዚሁ ሕንፃችን ከላይ፣ በጀርባ በኩል ነው። አማርኛ የተማሩት አስመራ ነው፤ ከእኔ አማርኛ የእሳቸው ያምራል። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ደረጃውን አይወርዱም። እሁድ «እንደ ደወል ነው» ያሉት እሳቸው ናቸው።

ሬዲዮአቸው መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፣ ኤኤም ላይ። አስፈቅጄ ወደ ኤፍኤም አዞርኩት። ሽሽሽ።

«እማማ፣ ታዲያ እንደ ደወል ነው አላሉንም?»

«ምን ልበል ልጄ? ሰውዬው በስተርጅና ተራራ ወጥቶ የተከለውን አይሰማም ብዬ ላሳፍረው?»

«አሮጌውን ሊዘጋው እኮ ነው!»

ይሄን ማንም አልነገራቸውም። ጋሽ ወልዱ ሰው እንዳይጨነቅ ብለው በሬዲዮ ዘለውታል።

«ስንቱን ሞት የሰማሁት በዚህ ነው» አሉ ሬዲዮውን እየዳበሱ። «እንግዲህ ወዳጄ ሲሞት ሳላለቅስለት ልቀር ነው።»

«ለጋሽ ወልዱ ይደውሉና ይንገሯቸዋ!»

«ተይ ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም።»

ተናደድኩ። ይሉኝታ ገደለን! ያፈሉልኝ ሻይ ላይ በስኳር ፈንታ ጨው አድርገውበት ነበር። «በጣም ይጥማል» ብዬ ጨረስኩት።

ሐሙስ

እሁድ ለደወሉት ሁሉ መልሼ ደወልኩ። ይሰማል ወይ ብሎ መጠየቅ እንደማያዋጣ ገብቶኛል። «ሬዲዮውን ኤፍኤም ላይ አድርጉና ስልኩን ጠጋ አድርጉልኝ» አልኩ። ሽሽሽ። ሽሽሽ። አንዷማ ሽሽሽታውን ካሰማችኝ በኋላ «ሰማሽው አይደል? ጥርት!» አለችኝ። ባሕሩ ዳር፣ ኦስቲያ ያሉት ሽማግሌ ደግሞ «ትንሽ የባሕር ድምፅ ይቀላቀልበታል እንጂ ግሩም ነው» አሉ።

በእውነት የሚሰማቸው በጣም ጥቂት ናቸው።

ዓርብ

ጋሽ ወልዱ ባሉበት ለኤንዞ ነገርኩት። ፊቱ ቀላ። «ለምንድን ነው የሚዋሹኝ?»

ውሸት አይደለም፣ አክብረውህ ነው አልኩት። በጣሊያንኛ እንዴት እንደማስረዳው ግን ጠፋኝ። ወደ ጋሽ ወልዱ ዞረ። «አንተስ? ፔርፌቶ ብለኸኛል!»

ጋሽ ወልዱ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «እኔም ቤት አይሰማም» አሉ በመጨረሻ።

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ኤንዞ ግን አልሳቀም። እሁድ በፕሮግራሙ መሃል ድምፁን በኢንተርኔት ወደ ኮረብታው እየላከ ኤኤሙን ለጥቂት ደቂቃ ያጠፋዋል። ዝም ያለበት ሰው ይደውል። ካልተደወለ እስከ መጨረሻው ይዘጋል አለ።

ቅዳሜ

ፈራሁ። ሰዎቻችንን አውቃቸዋለሁ፣ ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም ቢሉስ? ጋሽ ወልዱም ተጨንቀው ደወሉልኝ።

«ጋሼ፣ እንደ ውለታ ይጠይቋቸው» አልኳቸው። «አቤቱታ አይምሰላቸው።»

እሁድ

«ወገኖቼ» አሉ ጋሽ ወልዱ፣ «አሁን አሮጌውን እናጠፋዋለን። ሬዲዮአችሁ ዝም ካለ ደውላችሁ አይሰማም በሉኝ። ለእኔ ስትሉ። ውለታችሁን አልረሳም።»

ኤንዞ አጠፋው። ጋሽ ወልዱ ማውራታቸውን ቀጠሉ። እኔ ስልኩን ብቻ አያለሁ። አይጮህም። ኤንዞ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየኝ።

ጮኸ።

«ልጄ፣ ለተብርሃን ነኝ።» ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። «ይቅርታ አድርጉልኝ። አይሰማም።»

ገና ሳልዘጋው ሌላው ገባ። ከዚያ ሌላው። ኦስቲያ ያሉትም ደወሉ። ኤንዞ አማርኛ አያውቅም፤ ስልኩ አላቋርጥ ሲል ግን ገባው። ሄዶ ኤኤሙን መልሶ አበራው። «ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አለ፣ «ለጊዜው።» ለጊዜው ማለት እስከ መቼ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። እኔ እንኳ፣ ነገር መጠየቅ የምወደው ሴትዮ!

ስመለስ እማማ ለተብርሃን ጋ ወጣሁ። ከደረጃው ላይ የሬዲዮአቸው ድምፅ ይሰማኛል። ኤንዞ እንዳልተቀየመ ነገርኳቸው፤ አላመኑኝም።

«ምንም አይሰማም፣ ግን በጣም ቆንጆ ነው በይው» አሉኝ።

ከዚያ ሻይ ቀዱልኝ። ቀመስኩት። «እማማ» አልኳቸው፣ «ጨው ነው።»