የእትዬ ጩሂ የሕይወት ታሪክ ከነፊርማቸው

ሰፈሩም ሆስፒታሉም «እትዬ ጩሂ» እያለ የሚጠራቸው አዋላጅ ነርስ፣ ከድንጋይ ጠራቢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ከወንዙ ማዶ ባለው መንደር ተወለዱ። የከተማው ሰው የዚያን መንደር ሰዎች «ማዶዎች» ይላቸዋል። ቋንቋቸው ሌላ ነው፤ የከተማውን ቋንቋ ሲናገሩም ይሳቅባቸዋል። የማዶ ሴት ምጥ ሲይዛት ድምፅ አታወጣም። ጥርስ ነክሶ መቻል ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ ኩራት ነው፤ የእትዬ ጩሂ እናት ሰባት ልጆች ሲወልዱ ጎረቤት የሚሰማው የሕፃኑን ለቅሶ ብቻ ነበር እየተባለ ይነገርላቸው ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ድልድዩን በእግራቸው እየተሻገሩ በከተማው ትምህርት ቤት የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታተሉ። በሒሳብ አንደኛ ሲወጡ አስተማሪያቸው «ከማን ገለበጥሽ?» ብለው ጠየቋቸው። ክፍሉ በሙሉ የሚገለብጠው ከእሳቸው እንደነበር ለመናገር ግን አልደፈሩም። በ1969 ዓ.ም. በአዋላጅ ነርስነት ተመርቀው በከተማው ሆስፒታል የወሊድ ክፍል ተቀጠሩ። በዚያ ክፍል ከማዶ የተገኙት የመጀመሪያዋ አዋላጅ እሳቸው ነበሩ። በ1973 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

የወሊድ ክፍሉ ስምንት አልጋ ያለው ረጅም አዳራሽ ነው። የአዋላጆቹ ጠረጴዛ በሩ አጠገብ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት አልጋዎች ዓምድ ስለሚጋርዳቸው ከጠረጴዛው አይታዩም። ካርድ ክፍል ከማዶ በምትመጣ እናት ካርድ ጥግ ላይ በእርሳስ «ማ» ይጽፍ ነበር፤ አስተርጓሚ እንዲጠራላት ታስቦ የተጀመረ ነው። አስተርጓሚው ጡረታ ወጣ፤ ፊደሏ ግን ቀረች፤ ትርጉሟም «ይህቺ ትቆይ» ሆነ። «ማዶዎች ችለው ይወልዳሉ» ይባላል። «ማ» ያለባት እናት ከዓምዱ ጀርባ ትተኛለች። ከጮኸች «ታበዛዋለች»፣ ዝም ካለች «ደህና ናት» ትባላለች። እትዬ ጩሂ ይህን እያዩ ዐሥራ አንድ ዓመት አንገታቸውን ደፍተው ሠሩ። ከማዋለዱ ይልቅ ያደከማቸው አንገት መድፋቱ እንደነበር ኋላ ይናገሩ ነበር።

ታኅሣሥ 6 ቀን 1980 ዓ.ም. የሃያ አራት ዓመት ወጣት የነበረችው የመጨረሻ እህታቸው የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሆስፒታሉ ደረሰች። እትዬ ጩሂ በሩ ላይ ተቀብለው ሲያስገቧት ጎንበስ ብለው በጆሮዋ፣ «ሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ፤ ዋጥ አድርጊው» አሏት። «እሺ እታለም» አለች። በልጅነቷ እሺ የማትል አመለኛ ነበረች፤ ያን ቀን ግን እሺ አለች።

ካርዷ ላይ «ማ» ተጻፈ፤ ከዓምዱ ጀርባ ተኛች። እትዬ ጩሂ ቀዶ ጥገና ከታዘዘላት ሌላ እናት ጋር ወደ ላይኛው ፎቅ ተላኩ። እህታቸው በስድስት ሰዓት ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች፤ ወዲያው ደም ይፈሳት ጀመር። አንድ ጊዜ «ሲስተር» ብላ ተጣራች፤ ከጠረጴዛው «መጣሁ» ተባለች፤ የመጣ ግን የለም። ደግማ አልተጣራችም። ለእታለም የሰጠችውን ቃል ጠበቀች። በዘጠኝ ሰዓት እትዬ ጩሂ ከፎቅ ወርደው አንሶላውን ሲገልጡት ፍራሹ በደም ርሷል። ሐኪም ተጠራ፣ ደም ተፈለገ፤ አልደረሱላትም።

በሳምንቱ የሞቷን ምክንያት የሚገልጽ ቅጽ ተሞላ። የክፍሉ ኀላፊ «ታካሚዋ ዘግይታ በመድረሷ» ብለው ጽፈው፣ በሩ ላይ የተቀበለቻት አዋላጅ እንድትፈርም ለእትዬ ጩሂ አቀረቡላቸው። «ባትፈርሚ እሷ አትነሳም፤ አንቺ ግን ከሥራ ትወጫለሽ። ያቺን ሕፃን ማን ያሳድጋታል?» አሏቸው። እትዬ ጩሂ ፈረሙ።

የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ የሟች ጉድለት ይታለፋል። ይህንን ግን እንዳናልፈው ራሳቸው አዘዋል። «ሌላውን እንዳሻችሁ አሳምሩት፤ ፊርማዬን ከዘለላችሁ ግን ያነበባችሁት የሌላ ሰው ታሪክ ነው» ብለዋል።

ከዚያ ወዲህ ከማዶ የምትመጣን እናት ሁሉ በሩ ላይ ተቀብለው በቋንቋዋ «ጩሂ» ይሏት ነበር። «ኧረ ገና ነው፣ ብዙም አላመመኝ» ስትል፣ «ሳያምሽ ተለማመጂው» ይሏታል። አዳራሹ በጩኸት ይቀልጣል። የጽዳት ሠራተኛዋ «እትዬ ጩሂ ገቡ፤ ጆሯችሁን ድፈኑ!» ትል ነበር፤ ስሙ እንደዚያ ወጣላቸው። ባለቤታቸውም «በቤታችን ድምፅ የማላወጣው እኔ ብቻ ነኝ» ይሉ ነበር። በደረት ኪሳቸው ላጲስ ይዘው እየዞሩ ከካርዶቹ ጥግ «ማ»ን ያጠፋሉ፤ ካርድ ክፍል በማግስቱ ይጽፋል፣ እሳቸው ያጠፋሉ። በዚህ ሦስት ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል። ኮምፒዩተር ሲገባ ካርዱ ቀረ፤ ኮምፒዩተሩ ግን «ቋንቋ» የሚል መሙያ ሳጥን ነበረው። ላጲሱን አውጥተው አዩትና መልሰው ከተቱት፤ የዚያን ቀን ደከመኝ ብለው ቀደም ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የእህታቸው ቅጽ እንዲታረምም ኀላፊ በተቀየረ ቁጥር ያመለክቱ ነበር፤ ስምንት ጊዜ አመልክተዋል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ፊርማዎ አለበት»።

ያን ቀን የተወለደችውን ሕፃን እንደ ልጃቸው አሳድገው፣ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። በ2007 ዓ.ም. እሷም በዚያው አዳራሽ ወለደች። አክስቷ እጇን ይዘው «ጩሂ» አሏት፤ ጮኸች፤ ሦስት አዋላጆች እየሮጡ መጡ። እትዬ ጩሂ በሥራ ቦታቸው ሲያለቅሱ የታዩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በ2009 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ለሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተዋል። ነርሷ «ያምዎታል?» ስትላቸው «ደህና ነኝ» ይሏታል። ያሳደጓት ልጅ «እታለም፣ ምነው እርስዎስ ቢጮኹ?» ስትላቸው፣ «እኔማ ለምጄዋለሁ» አሉ። መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ዋጥ እንዳደረጉት ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ ያሳደጓትን የእህታቸውን ልጅና ሦስት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል።

ዘጠነኛው ማመልከቻ ይህ ጽሑፍ ነው። ሟች እህታቸው ዘግይታ አልደረሰችም፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደርሳ ነበር። ይህንን የጻፈችው ያን ቀን ከዓምዱ ጀርባ የተወለደችው ልጅ ናት፤ ከእትዬ ጩሂ ፊርማ ቀጥሎ የእሷ ፊርማ ይቀመጥ።

ፈጣሪ ሁለቱን እህትማማቾች በአንድነት ያሳርፍልን፤ ዋጥ ያደረጉትንም ሁሉ እሱ ይስማላቸው።