ጤፍ ውስጥ የተቀበረው ታብሌት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለስሜነህ፣ ካለህበት ሎግያ።

ወንድምዬ፣ ጤናህ እንዴት ነው? የአፋር ፀሐይ እንዴት ይዞሃል? ምግብ ይበላልሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እጅህስ እንዴት ነው? ከሁሉ በፊት እጅህን ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ሰላምታ ግን ወግ አለውና በወጉ ጀመርኩ። እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። እማ ከጉልበቷ በቀር ደኅና ናት። ሽንኩርቱ በደንብ ይዟል፤ ማሽላውም ተሰብስቦ ገብቷል። እኔ ከተሰበረው የግራ እጄ አንጓ በስተቀር ምንም አልሆንኩም። ወረቀቱን በጄሶው ተጭኜ በቀኝ እጄ ነው የምጽፍልህ፤ ፊደሉ ቢንጋደድ ይቅር በለኝ።

በስልክ ያልነገርኩህ የቻላቸው ስም በተነሣ ቁጥር ስለምትዘጋብኝ ነው። ወረቀት ደግሞ አይዘጋም። ብትቀደው እንኳ ካነበብከው በኋላ ነው። ያመጣልህ ሽንኩርት ጭኖ የሚወርደው ሾፌሩ ሙህሲን ነው፤ ምን እንደተጻፈበት አያውቅምና እሱን አትቆጣው።

አንተ የነገርከንን ልድገምልህ። ሐምሌ ላይ እርሻችንን የምናጠጣበት ጎርፍ ከደጋ በወረደ ዕለት፣ የሮቢት ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ቻላቸው ያለ ተራህ ውኃ ቆረጥክ ብሎ ጩቤ መዘዘብኝ አልከን። ነፍሴን ላድን በአካፋ አንድ ጊዜ ብመታው ወድቆ ቀረ አልክ። በዚያው ቀን ኩታህን ጥለህ ሄድክ። እኛም አመንንህ። እኔ ስላንተ ገበያ መሐል ተደባድቤአለሁ። ወንድምሽ ነፍሰ ገዳይ ነው ያለችኝን ሴት ነጠላዋን ቀድጄ ፀጉሯን ይዤ ነው የገላገሉን። ያን ጊዜ እውነት የያዝኩ መስሎኝ ነበር።

ኅዳር ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት፣ የሟቹ ታላቅ ወንድም ታምሬ ክላሹን አንግቶ ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው የጥገና ሱቄ ገባ። የሚጠገን ስልክ ይዘው የቆሙት ሁሉ አንድ በአንድ ሹልክ አሉ። ሊገድለኝ የመጣ መስሎኝ መፍቻዬን ጨበጥኩ። እሱ ግን በፌስታል የተጠቀለለ ታብሌት ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረ። የቻላቸው ነው፤ ከሬሳው አጠገብ ጭቃ ውስጥ የተገኘ። ሚስቱ ኤሌኒ ልጆቿ ከአባታቸው ጋር የተነሡት ፎቶ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው ብላ ስታለቅስ አምስት ወር ሆናት አለኝ። ከዋጃ እስከ ጎብዬ ይህን የሚከፍት ከአንቺ በቀር የለም አሉኝ፣ ደመኛዬ ባትሆኚ በወደድኩ አለ። አንዲት ነገር ብታጠፊ ከእጅሽ እጀምራለሁ ብሎ ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ በሩ ላይ ተቀመጠ።

ታብሌቱ አልነሣ አለ። ለካስ ውኃውን ይምጠጥለት ብለው ጤፍ ውስጥ ቀብረውት ኖሯል! ሩዝ አጥተው ነው መሰለኝ። የኃይል መሙያው ቀዳዳ በጤፍ ጢም ብሏል። ሰኞን ሙሉ በመርፌ አንድ አንድ ፍሬ ስለቅም ዋልኩ፤ የሰው ነፍስ ባይኖርበት ኖሮ ስቄ በሞትኩ ነበር። ማክሰኞ መብራት አገኘና በራ። ግን የሠሪውን ምልክት አሳይቶ እዚያው ደርቆ ቀረ። የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት ተበላሽቷል።

ስለዚህ ሊኑክስ ልጭንበት እንደሆነ ለታምሬ ነገርኩት። ይኸ በነጻ የሚሰጥ፣ ብዙ ሰው ከየአገሩ ተረዳድቶ የሠራው፣ ማንም አንጀቱን ከፍቶ የሚያየው ሥርዓት ነው፤ አሮጌና ደካማ ማሽን ላይ ጥሩ ይሠራል። ታምሬ በነጻ የሚሰጥ ነገር ተንኮል አለበት አለ። አዲሱ ሲገባ የድሮውን ጠራርጎ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ከፍላሽ ላይ አስነሥቼ ያለውን ሁሉ አወጣለሁ ስለው ደግሞ ጠራርጎ የሚለውን ቃል ብቻ ሰማ። ዓይኑ ቀላ።

ወጉን ታውቃለህ። ደም ሳይደርቅ የደመኛን ውኃ የሚቀምስ የለም። ታምሬ ሦስት ቀን ሙሉ ያን ሁሉ ፀሐይ ተቀምጦ ከእንስራዬ ጠብታ አልወሰደም። ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ግን አልቻለም፤ ከመናኸሪያው ቧንቧ ሊጠጣ ወጣ። እኔም ታብሌቱን ከፍላሽ አስነሥቼ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ፍላሽ እየቀዳሁ ነበር። ከልጆቹ ፎቶ መሐል የሐምሌ ቀን ያለበት አንድ ቪዲዮ አየሁ። ማዳመጫ ሰክቼ ከፈትኩት።

ስሜነህ፣ አየሁህ። ክትሩን በአካፋ ስትንድ አየሁህ። ቻላቸው ያለ ተራው ውኃ የሚወስደውን ለሽማግሌ ሊያሳይ ነበር የሚቀርጸው። አንድ እጁ ታብሌቱን ይዟል፤ ሌላው ባዶ መዳፉ ተው እያለ ከፊት ይታያል። ጩቤ የለም። አካፋው ሲነሣ ምስሉ ተገለበጠ፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። ድምፁ ግን አልቆመም። ስሜነህ ተው፣ ውኃው ላንተ ይሁን፣ ልጆች አሉኝ አለ። ይህን ያለው ወድቆ ነው። ከዚያ አካፋው ሲያርፍበት ይሰማል። ደግሞ ሲያርፍበት ይሰማል፤ ያንተም ጩኸት ከሱ ጋር። መጨረሻ ላይ ጫማህ መጣና ጨለመ። ያን ጫማ ለፋሲካ የገዛሁልህ እኔ ነኝ።

ታምሬ ሲመለስ ምንም እንዳላየ ሰው ወደ መጫኑ አለፍኩ። ቪዲዮው ለብቻው በኪሴ ባስቀመጥኩት ፍላሽ ላይ ነበር፤ ከታብሌቱ ሲጠፋ በዓለም ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ሥርዓቱ ገብቶ ሲያበቃ ታብሌቱ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል። ይህን አስቀድሜ ልነግረው ይገባኝ ነበር፣ ያየሁት አፌን ዘግቶት ረሳሁ። መስታወቱ ድንገት ሲጨልም ታምሬ አጠፋሽው ብሎ ጮኸ። በክላሹ ሰደፍ አንጓዬን ከጠረጴዛው ጋር ቀጠቀጠው። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁ። ሁለተኛውን ለጭንቅላቴ አነሣው። በዚያች ቅጽበት ታብሌቱ በራ፤ በቀኝ እጄ ፎቶዎቹን የቀዳሁበትን ፍላሽ ሰክቼ የቻላቸውን ትንሽ ልጅ አባቷ ትከሻ ላይ ተቀምጣ ስትስቅ የሚያሳየውን ፎቶ ከፈትኩለት። ሰደፉ አየር ላይ ቀረ። ታምሬ መሬት ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ከዚያ በኩታው እጄን አስሮ ጤና ጣቢያ ያደረሰኝ ራሱ ነው።

አየህ፣ ሁለተኛውን አልደገመም። አንተ ደግመሃል።

እኔም ፎቶውን ሰጥቼ ቪዲዮውን ደበቅሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ ወንድሜ ነህ። ግን እሑድ፣ የአቦ ዕለት፣ እማ በደብሩ ደጃፍ ልትምል ነበር። ሽማግሌዎቹ አንተ ስለሌለህ እናቱ በእሱ ቦታ ልጄ ነፍሱን ለማዳን ነው የመታው ብላ ትማል፣ ደሙም በዚያ ይቁም ብለው ነበር። እሑድ ማለዳ ነጭ ልብሷን ለብሳ በትሯን ስታነሣ ሳያት አላስቻለኝም። አስቀምጫት ያየሁትን ነገርኳትና ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ አደረግሁላት። እማ ዓይኗ ደክሞ ምስል ለይታ አታይም፤ ድምፅህን ግን ከሺህ ሰው መሐል ትለያለች። ሲያልቅ አጥፊው አለችኝ። ልሰርዘው ጣቴን ሳነሣ እጄን ያዘችኝ። ማልቀስ እንኳ አላለቀሰችም። ከወፍጮው ላይ መጁን አንሥታ እንደ ይቅርታ ለማኝ ማጅራቷ ላይ ተሸከመችና ወጣች።

ደብሩ ደጃፍ ሕዝቡ ሊምሉ መጡ እያለ መንገድ ሲለቅላት፣ እሷ ኤሌኒ እግር ሥር ተንበረከከች። አልምልም አለች። ልጄ ገድሎታል፣ ባዶ እጁን ነበር፣ ወድቆ ሲለምነው ደግሞታል አለች። ታምሬ ክላሹን አቀባበለ። ሰው ሁሉ ተበተነ። ተኮሰ፤ ጥይቱ እግሯ አጠገብ ያለውን ድንጋይ ፈነጣጥሮ ፍንጣሪው ጉንጯን ቀደደው። እማ መጁን አላወረደችም። ሁለተኛውን ሳይተኩስ ኤሌኒ ነጠላዋን ጥላ እማ ላይ ተደፋች። ደሟ የኤሌኒን ልብስ አበላሸው። ታምሬ ማን ነገራት ብሎ ሲያንባርቅ በጄሶ የታሰረውን እጄን አነሣሁ። ብዙ አየኝና መሣሪያውን ለሽማግሌዎቹ አስረከበ። ፍላሹንም እኔ ለእነሱው ሰጠሁ።

ሽማግሌዎቹ መጥተህ እንድትናዘዝ እስከ ጥምቀት ማግሥት ቀን ሰጥተውሃል። ታምሬ የላከልህ ሰላምታ የለም፤ ቃል ግን ልኮልሃል። በመንገድ ላይ አልነካውም፣ የእናቱን ውኃ የምጠጣው ግን ከገዛ አፉ ስሰማ ነው ብሏል። ካልመጣህ ግን ክላሹን መልሶ ይረከባል፤ ከዚያ በኋላ የአጎታችን ልጆች ውኃ ሊጠብቁ አይወጡም፣ ገበያም አይሄዱም። ስላንተ የሚሞተው ማን እንደሆነ አንተው ምረጥ።

የአጎታችን ቤት ሁሉ ሰላም ይሉሃል፤ ምንም ያላወቁ ይመስል ናፍቀንሃል በይው ብለውኛል። ጎረቤታችን ሰይዳ አላህ ልቡን ይስጠው ብላለች። ቀዩ በሬህ ደኅና ነው። እማን ሰላምታ ላኪለት ብላት ቅሏን አንሥታ ወደ እንስራው ሄደች፤ የጉንጯ ቁስል እየዳነ ነው። በየጠዋቱ ለታምሬ ብላ በቅል ውኃ ሞልታ በሩ ላይ ታስቀምጣለች። ሲመሽ ትደፋዋለች።

እጅህን የጠየቅሁህ ለዚህ ነው፤ አካፋ የደገመ እጅ ያን ቅል ለታምሬ ማቀበል ይችል እንደሆነ።

እህትህ ወይንሸት
ቆቦ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.