የረቡዕ ገንፎ

ይድረስ ለእናቴ ለወለተ ማርያም።

ቡልጋ ላሉት ዘመዶችሽ ደብዳቤ ስታስጽፊኝ፣ መጀመሪያ ጤናቸውን ጠይቂ፣ ቀጥለሽ የኛን ደኅንነት ንገሪ፣ ወሬው ከዚያ በኋላ ይደርሳል ትዪኝ ነበር። ያንቺን ጤና እንዴት እንደምጠይቅ አላውቅም። እኔም ደኅና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። እምዬ፣ ከተለየሽኝ የፊታችን ጥቅምት ሠላሳ ቀን፣ ሰባት ዓመት ይሞላል። ጊዜ ያስረሳል የሚሉት እናታቸው በሕይወት ያለችላቸው ናቸው።

ሴት ልጅ ፊደል ቆጥራ ምን ልትሆን ነው ብለው ሲያሙሽ፣ ደብዳቤዬን ትጽፍልኛለች ብለሽ ቄሱ ዘንድ የላክሽኝ አንቺ ነሽ። ይኸው እጽፋለሁ። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ይዤው የኖርኩት ነገር አለ። በሕይወት ሳለሽ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ልነግርሽ ስል ስል ቀረሁ። ለሌላው ሁሉ ረጅም የሆነ ምላሴ ለዚህ ብቻ አጠረ።

ግን አንቺ እንዳስተማርሽኝ መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ሐረር ኤረር በር አጠገብ ያለችው ቤታችን እንዳለች ናት። አባዬ ለጥበቃ ሲወጣ ይቀመጥበት የነበረው ድንጋይም ከቦታው አልተነሳም። እሱ ቀድሞሽ ስለሄደ አብራችሁ ናችሁ ብዬ አስባለሁ፤ ሰላም በይልኝ። ባለቤቴ ከነጋዴዎች ጋር ድሬዳዋ ወርዶ ቤቱ ጭር ብሏል። ዘንድሮ ክረምቱ በርትቶ ግድግዳውን ልጦብን ነበር። ዝናቡ እንዳባራ ጎረቤታችን አይ ፈጡማ የራሷን ቤት ኖራ ስታስቀባ የኛንም አብራ አስቀባችው። አይ ማለት በነሱ ቋንቋ እናት ማለት አይደል? አንቺ ሳለሽ እንዲሁ በልማድ እጠራት ነበር፤ አሁን ከልቤ ነው። ስፌቷን አልተወችም፣ ዓይኗ ግን ደክሟል፤ ቀዩን አለላ ከጥቁሩ የምለይላት እኔ ነኝ። የድሬ ጠያራ ገጠር ማሽላ ራሱን ደፍቷል። ጥንቅሹም ደርሶ፣ የገጠር ሴቶች በየማለዳው ኤረር በር ላይ እያመጡ ይከምሩታል። እኔ ግን ፊቴን አዙሬ ነው የማልፈው። ለምን እንደሆነ አሁን ልንገርሽ።

ያ ረቡዕ ትዝ ይልሻል? የጽጌ ጾም ነበር። ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ጾም ያስጀመርሽኝ የመጀመሪያው ዓመት ነው። አባዬ «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያለ ሊያማልደኝ ቢሞክር አንቺ ወይ ፍንክች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል በአፏ አይዞርም አልሽ፣ አለቀ። አይ ፈጡማን ምጥ ይዟት ከማለዳ ጀምሮ እሷ ቤት ነበርሽ። ረፋዱ ላይ የሕፃን ልቅሶ ሰማሁና ሮጬ መጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ቀይ አፈር በተቀባው መደብ ላይ ተቀምጠሻል፣ ገንፎ ቀርቦልሻል፣ ሁለት ጊዜ አጥቅሰሽ ጎረስሽ፤ ቅቤው በጣቶችሽ መሃል ይወርዳል። ያቺ ጾመኛ እናቴ! እውነቱን ልንገርሽ አይደል? የጾሙ መፍረስ ምኔም አልነበረም። ያንገበገበኝ ለኔ ሳታቀምሺኝ መብላትሽ ነው። ሆዳም ልጅ ነበርኩ፣ እምዬ።

ቂሜን ይዤ ቆየሁ። ጥቅምት ሃያ አንድ ወደ ማርያም ማኅበር አብሬሽ ሄድኩ። ያን ቀን ጽዋውን ተረክበሽ ለኅዳር ጽዮን የምትደግሺው አንቺ ነበርሽ፤ ሐረር ከገባሽ የመጀመሪያ ተራሽ ነው። ገና ሳትረከቢ ብቅሉን ጣሪያው ላይ አስጥተሻል፣ ጌሾውን ወቅጠሻል፣ ጽዋው የሚሸፈንበትን ነጠላ እንኳ አጥበሽ አጥፈሽ በብብትሽ ይዘሻል። ከቤት እስከ ማኅበሩ ስታንጎራጉሪ ነበር የሄድሽው። ጸሎቱ ረዘመና ሆዴ ጮኸ። የማኅበሩ ታላቅ ወይዘሮ አስካለ ሰምተው ራሴን ዳበሱኝና፣ ይቺም እንደ እናቷ ጾመኛ ልትሆን ነው ብለው አመሰገኑኝ። ምስጋናውን ይዤ ዝም ብል ምን ነበረበት?

«እምዬ ረቡዕ ለት አይ ፈጡማ ቤት ቅቤ በልታለች» አልኩ።

ውሸቷን ነው ብትዪ የስምንት ዓመት ልጅ ማን ያምን ነበር? አላልሽም። ለምን እንደበላሽም አልተናገርሽም። አዎ፣ በልቻለሁ ብለሽ መሬት መሬት አየሽ። ጽዋውን አጠገብሽ ለተቀመጠችው ሴት ሰጧት። ነጠላውን እንደታጠፈ ይዘሽው ወጣሽ።

ስንመለስ እጄን ይዘሽኝ ነበር። አሁን ትቆነጥጠኛለች፣ ቤት ስንገባ በርበሬ ታጥነኛለች እያልኩ ፈራሁ። ምንም አላልሽኝም። እጄን አላጠበቅሽውም፣ አልለቀቅሽውምም። ኤረር በር ስንደርስ ጥንቅሽ ገዛሽልኝ። ልጣጩ ከንፈሬን እንዳይቆርጠኝ በጥርስሽ እየላጥሽ፣ እየሰበርሽ አጎረስሽኝ። እኔም አፈር በበላሁ፣ ጣፈጠኝ።

የነፍስ አባትሽ አርባ ቀን ስግደት ሰጡሽ። ጓሮ ድንጋዩ ላይ ስትወድቂ ስትነሺ ጉልበትሽ አብጦ ደረጃ መውጣት አቃተሽ፤ ከዚያ ወዲያ ያ ጉልበት ዳነልሽ? ጣሪያው ላይ ያለውን ብቅል ማንም አላወረደውም፤ ወፍ በላው። ቄሱ ቀኖናዋን ፈጽማለች፣ ነጻ ናት ቢሉም ሴቶቹ ተራሽን አልመለሱልሽም። አሥራ ሦስት ዓመት በር ሥር ተቀምጠሽ ጸለይሽ። ጽዋው አንቺ ጋ ሲደርስ እየዘለለሽ አለፈ። ማድጋ ስሰብር የምትጮኺብኝ ሴት፣ ይህን አንድ ነገር በጨዋታ መሃል እንኳ አላነሳሽብኝም። ብትሰድቢኝ እግርሽ ላይ እወድቅ ነበር። ዝም ላለ ሰው ከየት ተጀምሮ ይቅርታ ይጠየቃል?

የመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ አልጋሽ ላይ እጄን ይዘሽኝ ሳለ፣ አሁን ካልነገርኳት መቼ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ቀደምሽኝ። «ብቅሉን ከጣሪያ አውርጂው፣ ወፍ ጨረሰው» አልሽኝ። ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም። እሺ እምዬ አልኩሽ። ሌላ ቃል ካንቺ አልሰማሁም።

ማኅበሩ ውስጥ አንቺን ተክቼ እኔ ገባሁ፤ ቦታዬም ያው በር ሥር ሆነ። ባለፈው ወር ወይዘሮ አስካለ ጠሩኝና፣ «የዘንድሮ ኅዳር ጽዮን ያንቺ ናት» አሉኝ። አርጅተዋል፤ ረስተውት ይሁን አዝነውልኝ አላውቅም። ከዚያ እየሮጥኩ መቃብርሽ ድረስ መጥቼ ነገርኩሽ፤ ሰምተሽኝ ይሆን? ጽዋው ቤታችን ይገባል፣ ያፈረስኩትን መለስኩልሽ አልኩ። ያን ነጠላ ከሣጥኑ አውጥቼ አጠብኩት። ብቅሉን ጣሪያ ላይ አሰጣሁ፤ ዘንድሮ ወፍ አንዲት ፍሬ አይነካትም ብዬ ሥራ ፈትቼ ስጠብቀው ዋልኩ።

ባለፈው ረቡዕ የአይ ፈጡማ ልጅ የዩሱፍ ሚስት ወለደች። ያ አንቺ ያዋለድሽው ዩሱፍ፣ ሃያ ዓመት ሆኖት አባት ሆነ። ሴት ልጅ ናት። አይ ፈጡማ ገንፎውን በገበታ ይዛ፣ በነጠላ ሸፍና እኔ ደጅ መጣች። ገልጣ ሳየው ቅቤው እስከ አፉ ሞልቷል። ረቡዕ ነው፣ ጽጌም ነው፣ ነገም አልችልም፣ ጾሙ ሲፈታ ዳግም ትሠሪልኛለሽ አልኳት። አልሄደችም። ገበታውን ወደኔ ዘረጋችው።

«ልጄ፣ ሦስት ቀብሬ ነው ዩሱፍን የወለድኩት» አለችኝ። «አማቴ የቅርብ ጎረቤት በዕለቱ ያልቀመሰለት ልጅ አይበረክትም ትል ነበር። የሦስተኛውን ገንፎ ለእናትሽ ይዤላት መጥቼ፣ ጾም ነው ብላ መለሰችኝ፤ ልጁም ሞተ። ዩሱፍ ሲወለድ ዛሬም ረቡዕ ነው አለች፤ ፊቴን አየችና ቁጭ ብላ በላችልኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ኖረልኝ። የልጁንም አንቺ ብዪልኝ።»

እምዬ፣ ሃያ ዓመት ስንት ነው? ሃያ ዓመት ሙሉ እናቴ ሆዷ አሸንፏት ነው ብዬ ኖሬያለሁ። ይቅር ያልኩሽ ደግሞ እኔ ነበርኩ! ልጅ ሳለሁ ራቧ ነው፣ ሳድግ ድካሟ ነው እያልኩ፣ እንደ ትልቅ ሰው ይቅር ብዬሽ ነበር። የአማቷ ነገር እውነት ይሁን ከንቱ እኔ አላውቅም፤ አንቺም ያወቅሽው አይመስለኝም። የመለስሽው ገንፎ ግን ከነሕፃኑ ሬሳ ዓይንሽ ላይ ነበር። ማኅበሩ ላይ ለምን እንዳልተናገርሽም አሁን ገባኝ። ብትናገሪ አይ ፈጡማና ሦስቱ ሙታኖቿ በየቤቱ መሳቂያ ይሆኑ ነበር።

ገበታውን ተቀብዬ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ጎረስኩ። ቅቤው በጣቶቼ መሃል ወረደ።

ትናንት ጥቅምት ሃያ አንድ ነበር። ደጃፌ ላይ ስበላ ከአይ ፈጡማ በቀር ያየኝ የለም። ዝም ብል ጽዋው የኔ ነበር፤ ወደ ማኅበሩ ስሄድ ዝም ልል ቆርጬ ነበር፣ አልደብቅሽም። ወይዘሮ አስካለ ጽዋውን አንስተው ወደኔ ሲዘረጉ ነጠላሽን ዘረጋሁ። ከዚያ ነጠላውን አየሁትና እጄን ሰበሰብኩ።

«ረቡዕ ለት ከአይ ፈጡማ እጅ ቅቤ በልቻለሁ» አልኳቸው። «እናቴም ያኔ የበላችው ሕፃን እንዲኖር ብላ ነው። ለሆዷ አልነበረም። ያሳበቅኩባት እኔ ነኝ።» አይ ፈጡማ ሦስት ልጆች መቅበሯን ግን አልነገርኳቸውም፤ እሱን አንቺ ደብቀሽዋልና እኔም ደበቅኩት።

ወይዘሮ አስካለ ጽዋውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «ታዲያ ለምን አልነገረችንም?» አሉኝ። እንባቸው መጣ። ሥርዓት ሥርዓት ነውና ጽዋውን አጠገቤ ላለችው ሴት አሳለፉት። አልተቀየምኳቸውም። ነጠላሽን እንደገና አጥፌ በብብቴ ይዤ ወጣሁ።

ያንን መንገድ ብቻዬን ተመለስኩት። ረጅም ነው እምዬ፤ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። አንቺ ያን ሁሉ መንገድ ያዋረደችሽን ልጅ እጅ ይዘሽ መጣሽ። ኤረር በር ስደርስ ከሃያ ዓመት በኋላ ጥንቅሽ ገዛሁ። እንዳንቺ በጥርሴ ልላጥ ስል ልጣጩ ከንፈሬን ቆርጦ ደም አወጣው። ያን ቀን ያንቺንም ቆርጦሽ ነበር? ቀና ብዬ አላየሁሽም። እየበላሁ ነበር።

ይቅር በዪኝ፣ እናቴ። ይኸው አልኩት። ይቅር ያልሽኝ ያን ቀን ኤረር በር ላይ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን እኔም ማለት ነበረብኝ። አሁን ይህን ስጽፍ የዩሱፍ ልጅ በግድግዳው ማዶ ታለቅሳለች፤ ጠንካራ ድምፅ አላት። ስታድግ ስምሽን እነግራታለሁ። በየዓመቱ ጽጌ ሲገባ፣ ማኅበር ላይ ስምሽ ባይነሳም እኔ በር ሥር ተቀምጬ አነሳዋለሁ። ጥንቅሽ ሲደርስም ፊቴን አላዞርም።

ዛሬ ጠዋት ጣሪያው ላይ ወጥቼ ብቅሉን አወረድኩት፣ እምዬ። ወፍ አልነካውም።

ልጅሽ