ዘግይቶ የተዘጋው ቫልቭ

ይድረስ ለወንድሜ ለሊዑል፣

ባሕር ላይ እንቅልፍ እንዴት ይዞሃል? እኛ እዚህ አውሮራ ከተማ ደህና ነን። ልጅህ ሊዲ የፊት ጥርሷ ወልቆ ፎቶ አልነሳም ብላለች።

እኔ አሁንም ዴንቨር ቢሮ ቁጭ ብዬ የእናንተን የጋዝ ጉድጓዶች በስክሪን አያለሁ። ባሕሩ ላይ በብረት እግር የቆመው ትንሹ ፕላትፎርም ሰው ባያድርበትም ጋዙን ከባሕር ሥር አውጥቶ፣ አንተ ወደምትኖርበት ወደ ትልቁ በቱቦ ይልካል። ቱቦው ቢፈነዳ፣ ትንሹ ላይ ያለው ጋዙን የሚያቆመው ቫልቭ በራሱ ቶሎ መዘጋት አለበት፤ ከዘገየ እዚያ ያለ ሰው በእሳት ያልቃል። ባለፈው ሳምንት ቴስት ስናደርገው ከሚፈቀደው ጊዜ በላይ ቆይቶ ተዘጋ። ለአለቃዬ ነገርኩት።

«ተዘጋ አይደል?» አለኝ። «ቴስቱን አልፏል ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ። ዓርብ ዕለት ጥሩ ሠርታችኋል ብሎ ፒዛ ጋበዘን፤ እኔም ከሰው እኩል በላሁ።

ማክሰኞ ቀለም ለመቀባት ወደ ትንሹ የሚሻገሩት እነማን ናቸው? ስምህ ካለበት ከሌላ ሰው ጋር ተቀያየር ልልህ ብዬ ነበር። ግን ያም ሰው እህት ይኖረዋል። ሰኞ ጠዋት አለቃዬን አልፌ ከበላዩ ያለችውን ሴትዮ አነጋግራለሁ። ከዚያ በኋላ ሥራ ፈትቼ ቤት ብታገኘኝ አትደንግጥ።

አምላክ አንተን ከነጓደኞችህ ይጠብቅልኝ።

እህትህ ጤናዬ