እመቤታችን በመታጠቢያ ገንዳ

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24
ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ቧንቧ ሠሪው ዛሬም ቀረ። ማታ የማርያም ማኅበር ጸሎት... ሦስት ብቻ ነበርን፤ ቤሪል፣ ክሊፎርድና እኔ። መቁጠሪያ ደገምን። ቤሪል ስለ አዲሱ ቄስ ወሬ ይዛ መጣች።
"ጊታር ይመታል። አባ አትበሉኝ፣ ማርቲን በሉኝ ይላል አሉ።"
ክሊፎርድ ፊቱ ጠቆረ። "እመቤታችንን አውጥቶ ይጥላታል በይኛ።"

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 26
አዲሱ ቄስ ሳይጥላት የእመቤታችንን ሐውልት ከቤተ ክርስቲያን አወጣናት። እኛው ራሳችን! በአልጋ ልብስ ጠቅልለን፣ በክሊፎርድ መኪና ወደ እኔ ቤት። ከመታጠቢያ ገንዳው በቀር የምትቆምበት ጠፋ።
ባለቤቴ ቴሬዛ በሳቅ ሞተች። እሷ የሮም ካቶሊክ ናት፣ እኔ አንግሊካን፤ ከተጋባን ጀምሮ በዚህ ነገር ምራኝ አታውቅም።
"ኖርማንዬ፣ ካቶሊክ መሆን ካማረህ የእኛ በር ክፍት ነው።"
"ካቶሊክ ነኝ እኮ።"
"ያለ ሮማው ጳጳስ? አይ የአንግሊካን ነገር!"
ስቄ አለፍኩ። ግን... "በአንዲት ቅድስት ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አምናለሁ" እያልኩ ነው ያደግሁት። ቄሱ ማኅበሩን ከዘጋው፣ ያ ሁሉ ጨዋታ ነበር? ወዴት እሄዳለሁ?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 30
ገላ መታጠብ ቀረ።

ዓርብ፣ ሜይ 2
አዲሱ ቄስ እኛ ቤት መጣ። ወጣት ነው። ገና ሳይቀመጥ፦
"መቆሚያዋ ባዶ ነው። እመቤታችን የት ሄደች? ያለ እሷ የሜይ ወር የማርያምን ዑደት እንዴት እንወጣለን?"
ቴሬዛ ከወጥ ቤት፦ "ገላዋን እየታጠበች ነው፣ አባ!"
ሄዶ አያት። ሳቀ። ከዚያ እዚያው እርጥብ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ ሰላም ለኪ ጀመረ። ቴሬዛ ከኋላው ተቀበለችው... እኔ ፎጣ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።
"ጊታሩስ?" አልኩት በኋላ።
"እመታለሁ። ጎረቤት ያለቅሳል። ከማርያም ጋር ምን አገናኘው?"
"እኛ... ካቶሊክ ነን?"
"ነን። የሮም ሰዎች አይስማሙም። ምን ላድርግ ታዲያ፣ እስኪስማሙ ጸሎት ላቋርጥ?"
"እኔም አልተስማማሁም" አለች ቴሬዛ። ሻይ ግን ደገመችለት።

እሑድ፣ ሜይ 11
ዑደት ወጣን። ነፋሱ የአበባ አክሊሏን ሁለቴ ጣለው። ቄሱ በሰው ሁሉ ፊት "የማኅበሩ ጸሎት እንደ ወትሮው ሐሙስ ነው፤ እኔም አለሁበት" አለ። ቤሪል አለቀሰች። ክሊፎርድ ጉንፋን ነው ብሎ ተሟገተላት። ቴሬዛ አስፋልት ማዶ ቆማ ስታየን ነበር። አልተሻገረችም። ስናልፍ ግን አማተበች።
ከፊት የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ትከሻዬ ተልጧል። ወዴት እሄዳለሁ ስል ነበር የከረምኩት... የትም አልሄድም።